የተጣላ አለ?

መምሬ ያችን ጥያቄ የሚጠይቁት እጃቸውን ወደ ጽዋው እየዘረጉ ነበር። «የተጣላ አለ?» ይላሉ፣ ቤቱ በአንድ አፍ «የለም» ይላል፣ ጽዋው ይነሣል። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ትንፋሽ የሚወሰድበት ጊዜ እንኳ አልነበረም። «አሜን» ለማለት ማን ቆም ብሎ ያስባል? «የለም»ም እንደዚያው የጸሎቱ ማሳረጊያ ሆኖ ነበር።

ማኅበሩ የኪዳነ ምሕረት ነው፤ ወር በገባ በዐሥራ ስድስት የሚጠጣ። የዳንግላ ሴቶች በየወሩ በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ድፎ ዳቦና ጠላ ይቀርባል፣ ጸሎት ይደርሳል፣ ከዚያም ነጠላ ለብሶ የተቀመጠው የሸክላ ጽዋ ይገለጥና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ዕቃ ይጎነጫል። በመጨረሻ ተረኛዋ ጽዋውን ተሸክማ በእልልታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ የሚቀጥለውን ወር እሷ ትደግሳለች። ሕጉ አጭር ነው። የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ አይጠጡም፤ እርቅ ሳይወርድም ጽዋው ከቤት አይወጣም።

የማኅበሩን መሪ «ሙሴ» ነው የምንለው። ሴትም ብትሆን ሙሴ ናት፤ ይህ ነገር ገና ሙሽራ ሳለሁ በጣም ያስቀኝ ነበር። በእኔ ዘመን ሙሴዋ አማቴ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፍተው ስለ መነኮሱ ሀገሩ ሁሉ «እማሆይ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደ ሀገሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው በማኅበሩ ያላቸውን ቦታ ለእኔ ሊያስረክቡ ወሰኑ። «እኔ ስሞት ጽዋዬ ከቤቴ አይውጣ» ነበር ቃላቸው። ሌላ የሚያወርሱኝ ብዙም አልነበራቸው፤ ከልባቸው የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር።

እኔ ከእንጅባራ በላይ ካለ የአገው መንደር የተወለድኩ ነኝ። ጋሪ ነጂ አግብቼ ወደ ዳንግላ ወረድኩ። አማርኛን የተማርኩት በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ስናደድ ግን አገውኛው ይቀድመኛል፤ የባሌን ፈረስ እንኳ በአገውኛ ስቆጣው ነበር የሚሰማኝ። ደግሞ እናደዳለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል።

ከቤታችን ፊት ለፊት የምትኖረው ጎረቤታችን የማኅበሩ ጌጥ ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ «እትዬ» ነው የምላት። የጾም ሰው ናት። ሌላው የታዘዘውን ጾሞ ሲደክመው እሷ የፈቃዱን ትጨምርበታለች። በፍስኩ ወራት እንኳ ወተት በአፏ አይዞርም። መምሬ ስለ ጾም ሲያስተምሩ ዓይናቸው ወደ እሷ ይሄዳል፤ እናቶችም ሆዳም ልጃቸውን ሲገሥጹ የእሷን ስም ነው የሚጠሩት። ጠዋት ስንገናኝ «እትዬ፣ እንዴት አደሩ?» እላታለሁ፣ በእርስዎ። አሁን ስጽፍ ግን አንቱ አላልኳትም። ረስቼው አይደለም፤ ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በሐምሌ መጨረሻ ነው፣ የዳንግላ መንገድ ጭቃ ውጦት የባሌ ጋሪ ደጃፋችን ላይ ተተክሎ በከረመበት ክረምት። ምጡ ክፉ ነበር፣ ብዙ ደም ፈሰሰኝ። ፍልሰታ ሲገባ ጡቴ ደረቀ። ፍልሰታ ደግሞ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነው። ልጄ የደረቀውን ጡት እየጎተተ ሲያለቅስ እኔም አብሬው አለቅሳለሁ።

አንድ ቀን እማሆይ ትኩስ ወተት በኩባያ ሞልተው ገቡ። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ መነኩሲት ናቸው። ወተቱን ያመጡት ከማዶ ካለው ዘመዳቸው ቤት ነበር፤ ቅዳሴ የሚሄደው ሰው መንገዱን በሞላበት ሰዓት፣ ኩባያውን ሳይሸፍኑ፣ በመሐል መንገድ።

«እማሆይ፣ ፍልሰታ እኮ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፤ የምጾመው እኔ ነኝ። አንቺ አራስ ነሽ፣ ጠጪ።»

«ሰው አይቶዎት እንደሁስ?»

«እንዲያይ ነው ያልሸፈንኩት። ብሸፍነው የሰረቅሁት ይመስላል።»

ጠጣሁ። ጾሙ እስኪፈታ በየቀኑ አመጡልኝ፣ አንድ ቀንም አልሸፈኑትም። ጡቴ ተመለሰ። ልጁ ደነደነ፤ ክርስትና የተነሣ ዕለት በነጩ ልብሱ ውስጥ ጉንጩ ብቻ ነበር የሚታየው።

ኅዳር ላይ ትክትክ ገባ። በየቤቱ የሕፃን ሳል ይሰማ ነበር። የአንዳንዱን ቤት ምሮ ሄደ፣ የእኛን አልማረም። ስለዚያ ሳምንት ብዙ አልጽፍም። ጣቴን ይዞ ነበር፣ ከዚያ ለቀቀው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ በምሥራቁ በኩል ቀበርነው።

ሰው ሁሉ ለቅሶ ደረሰኝ። ከገበያው ዳር ሱቅ ያለው የሙስሊሙ ነጋዴ ሚስት እንኳ መጣች። መሬት ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ስትሄድ እንስራዬ ባዶ መሆኑን አይታ ከምንጭ ሞልታልኝ ሄደች። እትዬ ግን በየጠዋቱ ነበር የምትመጣው። ሁለቱን ጉንጬን ትስማለች፣ «እግዜር ያጽናሽ፣ የሰጠም እሱ የነሣም እሱ» ትላለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። እውነቱን ለመናገር ያጽናናኝ ነበር። ስትዘገይ በሩን አይ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ምንጩ ከመንገዱ በታች ነው። ጎንበስ ብዬ ስቀዳ ከላይ የሚያልፍ ሰው አያየኝም። ሁለት ሴቶች እያወሩ መጡና ከላዬ ቆሙ። አንደኛዋን በድምፅዋ ለየኋት፣ እትዬ ናት።

«ምን ይደረግ» ትላለች። «በፍልሰታ ወተት እየጠጣች ያጠባችው ልጅ እንዴት ብሎ ይደግ? ኪዳነ ምሕረት ይህን አትወድም። ትክትኩ ሰበብ ነው እንጂ፣ ልጁን የገደለው ያ ወተት ነው።»

እንስራዬ ሞልቶ ሲፈስ እጄን አልነቀልኩም። ድምፃቸው እስኪርቅ እዚያው ቆየሁ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ እንደ ልማዷ መጣች። ጉንጬን ሳመችኝ፣ «እግዜር ያጽናሽ» አለችኝ። ከሐዘኔ ይልቅ ያን ቀን ግራ መጋባቴ በለጠ። ያን ያለው አፍና ይህን የሚለው አፍ አንድ ነው። ተጠግቼ ብመለከተውም ልዩነት አላገኘሁበትም።

ለእማሆይ አልነገርኳቸውም። ወተቱ ከእሳቸው እጅ ነው የወጣው። የልጅ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ገደሉ ተብሎ መወራቱን ከእኔ አፍ ቢሰሙ ጉልበታቸው ብቻ ሳይሆን ልባቸውም ይሰበራል ብዬ ፈራሁ። እትዬን ግን በጠዋት ስትመጣ ጉንጬን ሳልሰጥ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ብቻ እመልሳት ጀመር። ሐዘን የጸናብኝ መሰላት፤ እንደውም ትንሽ ማር ይዛልኝ መጣች።

ጥምቀት አለፈ። እማሆይ «በጥር ዐሥራ ስድስት አንቺ ነሽ የምትገቢው» አሉኝ። የሚቀጥለው ተራ የእኛ ቤት ነው፣ ጽዋውን የምቀበለው እኔ ነኝ። የጥር ደጋሽ ደግሞ ማን ሆና ተገኘች? እትዬ። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀኔ በእሷ ቤት፣ ከእሷ እጅ፣ የእሷ ከንፈር ከነካው ጽዋ ጠጥቼ ተሸክሜው ልወጣ ነው። እማሆይ ቀሚሴን አጥበው ነጠላዬን ሲያጥኑ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

ከመሄዴ በፊት ባሌ ፈረሱን ጋሪው ላይ ሲጠምድ አግኝቼ ነገሩን ነገርኩት። ቀበቶውን እያጠበቀ ሰማኝ።

«የሰው አፍ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አለኝ።

«መምሬ ሲጠይቁስ?»

«‹የለም› በያቸዋ። ሁሉም የሚለው እሱን አይደል? ‹አለ› ካልሽ ጽዋው አይወጣም። እናቴን ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ አታሳፍሪያት።»

ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ የተናገረውም እውነት ነበር። ከእትዬ ቤት በር እስክደርስ «የለም» ለማለት ቆርጬ ነበር። አንድ ቃል ናት፣ ሁሉም ይላታል፣ እኔም እላታለሁ።

ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ እማሆይም በሙሴ ቦታቸው ተቀምጠዋል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ጠላው ጠርቷል፣ ድፎው ተቆርሷል። እትዬ ወገቧን አስራ ታስተናግዳለች። ለእኔ ለብቻዬ ትልቁን ቁራሽ አነሣችልኝ። «ብዪ የኔ ልጅ፣ ሰውነትሽ አልቋል» አለችኝ፣ ሴቶቹም «ተባረኪ» አሏት። መምሬ ጸሎቱን አደረሱ። እጃቸው ወደ ጽዋው ሄደ።

«የተጣላ አለ?»

«የለም» አለ ቤቱ።

«አለ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። የመምሬ እጅ ጽዋው ክዳን ላይ ቀረ። በስተጥግ የተቀመጠች ሴትዮ ሳቅ አለች።

«አማርኛው ተሳስቷት ነው፣ ‹የለም› ለማለት ነው» አለች። ሌሎቹም ተከትለዋት ሳቁ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። አንዲት የአገው ልጅ፣ አዲስ ማኅበርተኛ፣ በሁለት ቋንቋ መካከል ወድቃ ተገኘች ብለው ነው። መምሬም ፊታቸው ፈታ አለና ክዳኑን ሊያነሡ ነበር።

ያ ሳቅ መውጫ በር ነበር። አብሬ ስቄ «አዎ፣ ተሳስቼ ነው» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ብዙ ነገር ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር እንጂ አማርኛ አታውቅም መባሉን አልወደውም። በዚያ ላይ ጽዋው የማርያም ነው። ለሰው መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ እሷን በስሟ ጠርቼ፣ በጽዋዋ ፊት፣ እኔን የልጄ ገዳይ ካደረገው ቃል ጋር ታርቄያለሁ ልላት ነው? አልሆነልኝም።

«አማርኛዬ አልተሳሳተም» አልኩ። «የተጣላ አለ፣ እኔ ነኝ።» የተጠራጠረ እንዳይኖር በአገውኛም ደገምኩት። ግማሹ ቤት አገውኛ የሚሰማ ነው፤ ሳቁ ከዚያ በኩል መጀመሪያ ቆመ።

«ከማን ጋር ነው ልጄ?» አሉ መምሬ።

«ከደጋሿ ጋር።»

እትዬ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቀረች። «ከእኔ ጋር? እኔ እኮ ከማንም አልተጣላሁም። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ሳጽናናት አይደል እንዴ የከረምኩት?»

«ስታጽናኚኝ ነው የከረምሽው» አልኳት። አንቺ አልኳት፣ በሰው ፊት፣ ታላቄን። አንዷ «ውይ» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ምንጩ ላይ ቆመሽ ደግሞ ልጇን የገደለው በፍልሰታ የጠጣችው ወተት ነው ስትዪ ነበር። እታች ነበርኩ፣ ሰማሁሽ። ፊት ለፊቴ ብትነግሪኝ እከራከርሽ ነበር። ጉንጬን እየሳምሽ ከሆነ ግን በምንሽ ልያዝሽ?»

ከየአቅጣጫው መጣብኝ። «በጽዋ ቀን እንዲህ አይባልም» አለች አንዷ። «ይቅር በያት ይለቅ፣ ጠላው ይሞቃል» አለች ሌላዋ። መምሬም «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ ልጄ» አሉ።

«እላለሁ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ግን ይቅር የምለው ምኑን እንደሆነ ይታወቅ።»

ይህን ስል ወደ እማሆይ ላለማየት እየታገልኩ ነበር። በዚያ ቤት የምፈራው የእሳቸውን ፊት ብቻ ነው። ማዕረጋቸውን ልቀበል መጥቼ በሰው ፊት አዋረድኳቸው፤ የልጅ ልጃቸውንም ሞት ከነሐሜቱ አስታወስኳቸው። በመቋሚያቸው መሬቱን ሲነኩ ሰማሁ።

«ወተቱን ያጠጣኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ይህን ወሬ በታኅሣሥ ሰምቼዋለሁ።»

ያን ጊዜ ዞር ብዬ አየኋቸው። እያዩ የነበረው እኔን ሳይሆን ጽዋውን ነው።

«በታኅሣሥ ጽዋ ከንፈሬን አስነክቼ መለስኩት፤ አልጠጣሁም። ቆብ ደፍቼ፣ ሙሴ ተብዬ። ‹የለም› ብዬም ነበር፣ ከሁላችሁ ጮክ ብዬ።» በመቋሚያቸው ወደ ጽዋው አመለከቱ። «ይህን ጽዋ ስንት ዘመን ተሸከምኩት። ሞልቶ ይዞራል፣ ሳነሣው ሞልቶ ነው የማገኘው። ክብደቱን እጄ ያውቀዋል። ማን ያልጠጣ እንዳለ አልጠየቅሁም፣ እኔም አንዷ ስለሆንኩ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነው። አማርኛ ተሳሳታት ያለችው ሴትዮ ራሷ «እንግዲያውስ እኔም» ብላ ጀመረች። የጎረቤቷ ዶሮ ጎመኗን ከጨረሰ ወዲህ ጽዋውን ማሽተት እንጂ መቅመስ ትታለች። ባለ ዶሮዋ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣለች፣ «ያ ዶሮ እኮ ከታረደ ቆየ» አለች። ሌላዋ ተነሥታ አንዷን «ከአንቺ ጋርም ተጣልቻለሁ» ስትላት ያችኛዋ ዓይኗን አፍጥጣ «መቼ ተጣላን?» አለች፤ ለካ ለብቻዋ ነው ተጣልታ የከረመችው። መምሬ ቆመው ሲሰሙ ሲሰሙ ደከማቸውና ተቀመጡ። እስከዚያ ቀን ያችን ጥያቄ ጠይቀው ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

እትዬ ብቻ አልተናገረችም። ማንቆርቆሪያውን ከእጇ አላስቀመጠችም። ጫጫታው በርዶ ሁሉም ወደ እሷ ማየት ሲጀምር ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ክፉ አስቤ አይደለም» አለች። «እንደ ተነገረኝ ነው የተናገርኩት።»

«ማን ነገረሽ?» አሉ መምሬ።

«ጥሊሊ ሳለሁ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። ሁዳዴ ነበር። ሰውነቴ ከድቶኝ ወተት ጠጣሁ፣ ተደብቄ። ልጅቱ አልቆየችም። አማቴ ‹የገደልሻት አንቺ ነሽ፣ ወተቱ ነው› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወተት ቀምሼ አላውቅም። ሌላ ልጅም አልሰጠኝ። ብጾም ብጾም አልለቀቀኝም።» ወደ እኔ አየች። «እማሆይ ወተቱን በአደባባይ ሲያመጡልሽ ከቤቴ ሆኜ አያለሁ። ልጅሽ ሲወፍር ተናደድኩ። ሲሞት ደግሞ... እኔን የቀጣ አምላክ እሷን እንዴት ዝም ይላል ብዬ ነው። ጠዋት ስመጣ የማለቅሰው ግን የውሸቴን አልነበረም።»

መምሬ ወደ እሷ ዞሩ። «አራስ ጾም የለባትም» አሉ። «የታመመም የለበትም። መጽሐፉ የሚለው ይህንን ነው።»

«ለእሷ ነው?» አለች እትዬ።

«ለአራስ ሁሉ።»

«የእኔስ?» አለች። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነ። «የእኔም ልጅ?»

መምሬ ቶሎ አልመለሱም። እውነተኛ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። «ያንቺም» አሉ። «ወተት አልገደላትም። ስለ ጾም ስንት ጊዜ አስተማርኩ፣ ይህችን ግን ጮክ ብዬ አልተናገርኳትም። አንቺን እያየሁ ነበር የማስተምረው፣ ለምን እንደምትጾሚ አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም።»

ቁጣዬ እዚያው ጠፋ ብዬ አልዋሽም። ግን ምን ላይ እንደማሳርፈው አጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ አስመሳይ ስላት የከረምኩት ሴት ያመነችውን የምትኖር ሴት ሆና አገኘኋት፤ ያመነችው ነገር ነው የሚገድል የነበረው። ማስመሰሉስ የማን ነበር? በየወሩ «የለም» የምንል የሁላችን ነበር። በዚያች ቃል ውስጥ የእሷ ልጅ ሞት ሳይጠየቅ ስንት ዘመን አለፈ። አንድ ሰው ቀደም ብሎ «አለ» ቢል ኖሮ እትዬ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ባልተሸከመችው።

ተነሥታ መጣችና እግሬ ሥር ልትወድቅ ስትል ያዝኳት።

«ልጅሽን ወተት አልገደለውም» አለችኝ። ከእሷ የምፈልገው ይቅርታ አልነበረም፤ ይህችን ቃል ነበር።

«የእርስዎንም አልገደላትም» አልኳት።

እርስዎ አልኳቸው። ከዚህ መስመር ጀምሮ አንቱ የምላቸው ከልቤ ስለሆነ ነው፤ ቀድሞ በአፌ የሰጠኋቸውን በልቤ ነሥቻቸው ነበር።

መምሬ እንደገና ተነሡ። «የተጣላ አለ?» አሉና እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። እርስ በርስ ተያየን። ባለ ጎመኗ ባለ ዶሮዋን አየች፣ ብቻዋን ተጣልታ የነበረችው ሳቋን ዋጠች። ከዚያ «የለም» ማለት ጀመርን፤ በአንድ አፍ አይደለም፣ አንዷ ስታበቃ ሌላዋ እየቀጠለች፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን ድምፅ። ጽዋው ዞረ። ወደ እኔ ሲደርስ ቀሎ ነበር። እኔም ጎነጨሁ፣ በደንብ። በር አጠገብ ወደ ተቀመጡት ሳይደርስ አለቀና እትዬ እየተንደረደሩ ጠላ ጨመሩበት። እማሆይ ጽዋው ባዶ ሆኖ ሲያዩ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጽዋውን ከእትዬ እጅ ተቀብዬ መንገዱን ተሻገርኩ። ሴቶቹ እልል እያሉ ተከተሉኝ፣ እማሆይ በመቋሚያቸው ከኋላ። ባሌ ፈረሱን ፈትቶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«‹የለም› አልሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«መጨረሻ ላይ» አልኩት።

እማሆይ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ጽዋቸው ግን እንደ ቃላቸው ከቤታቸው አልወጣም። ሙሴነቱ ለእኔ ደረሰ። ጽዋው ዞሮ ሲመለስ አንሥቼ ክብደቱን እንደምመዝን ማኅበርተኞቹ ያውቃሉ። ሰው ምን ይለኛል ብላ የማትኖር፣ ቁጡ፣ አስቸጋሪ ሴት ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ግን ስለ እምነት የማውቀው ይህንኑ ነው፤ አፍሽ ያለውን ልብሽ ካላለው አትበዪው፣ ልብሽ ያለውንም ደፍረሽ በዪው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዚአብሔር ራሱ ያውቅበታል። እስከ ዛሬ በዚህ ኖሬ አልከሰርኩም።

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት እማሆይ ካረፉ በኋላ ነው፣ በሁዳዴ። አሁንም ምጡ ክፉ ነበር፣ አሁንም ጡቴ ዘገየ። ተኝቼ ያንን ቀጭን መነኩሲት እያሰብኩ ሳለሁ የደጃፋችን መዝጊያ ተከፈተ። እትዬ ነበሩ። ነጭ ለብሰው፣ ወደ ቅዳሴ ሊሄዱ ተዘጋጅተው፣ ከጾሙ ብዛት ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ። በእጃቸው ኩባያ ይዘዋል፣ እስከ አፉ የሞላ ትኩስ ወተት። በተከፈተው በር መንገዱ ይታየኛል፤ ቅዳሴ የሚሄደው ሰው ቆሞ ያያቸዋል። ኩባያው አልተሸፈነም።

«እትዬ፣ ሰው እያየ ነው እኮ» አልኳቸው።

«ይይ» አሉ። «ጠጪ።»

ጠጣሁ። ኩባያውን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርገው አዩት፣ ባዶ ነበር። «ነገም አመጣልሻለሁ» አሉኝና ጾማቸውን ይዘው ወደ ቅዳሴ ሄዱ።